ለግራ እጅ የተሳለ ማጭድ

የሣር ማጨጃውን ማሽን ስለት ሞርጄ፣ ሚዛኑን ለማየት መሐሉን በሚስማር ላይ ሰቀልሁት። አንዱ ወገን ከብዶ ወደ ታች አዘነበለ፤ እንደገና ሞረድሁት። የብረቱ ሽታ ወረታ ገበያ ዳር ወደነበሩት ቀጥቃጭ፣ ወደ አያ ደምሌ ወሰደኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። አባቴ ጦር ግንባር ተወስዷል፤ እናቴ አራስ ናት፤ ለገበሬ ማኅበሩ የሩዝ አጨዳ ከቤታችን የምወጣው እኔ ነበርሁ። ግራኝ ነኝ፤ የማጭድ ጥርስ ደግሞ ለቀኝ እጅ ነው የሚወጣው፤ በግራ ሲይዙት አገዳውን ያላምጣል እንጂ አይቆርጥም። የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ «አንተ ግራኝ፣ ታጭዳለህ ወይስ ታኝካለህ? ነገም እንዲህ ከሆንህ እናትህ ትምጣ!» አለኝ።

ሮጬ ሄድሁ። «አያ ደምሌ፣ ግራ እጄን በጋለ ብረት ይተኩሱልኝ፤ ግራኝነቱ ይተወኝ እንደሆን» አልኋቸው።

«እጅህ ምን አጠፋ? ማጭዱን አምጣ፣ አንተ ሞኝ!» አሉና የድሮውን ጥርስ ሞርደው አጥፍተው በወዲያኛው ፊት አዲስ አወጡለት። «እኔንም ቡዳ ይሉኛል። አገሩ ለእኔም ላንተም በወዲያ በኩል ነው የተሳለ» አሉ። ያኔ አልገባኝም።

በማግስቱ ድርሻዬን ከሰው እኩል ጨረስሁ። እናቴም አርባ ቀኗን ከአልጋዋ ሳትወርድ ታረሰች። ሊቀመንበሩን ዛሬም ይቅር አላልሁም። አያ ደምሌን ግን ነፍሳቸውን ይማር ሳልል ሞረድ አላነሣም።