ያልቀመስሁት ቅቤ

የማኅበራችንን ታሪክ እንድጽፍ የጠየቀችኝ ሊቀ መንበሯ ናት።

«ቲቸር፣ ሁለት ገጽ ይበቃል» አለችኝ። «እነማን እንደ መሠረቱት፣ አራሶችን እንዴት እንደምንጠይቅ፣ አሁን የት እንደ ደረስን። የዚያን ዓመቱን የቅቤ ነገር ግን ተይው። በበዓሉ ቀን እንግዶች አሉብን።»

እሺ ብያት ወጣሁ። ቁልቁል ወደ መናኸሪያው ስወርድ ግን ነገሩ አልዋጥልኝ አለ። ስለዚያ ዓመት አንዲት ቃል አልተነፈስሁም ነበር። ያልተነሣን ነገር ተይው ማለት ምንድን ነው? ለእኔ አስባ ነው ወይስ ለራሷ ፈርታ?

ማኅበሩ ሲጀመር የቅቤ ዕቁብ ነበር። በወላይታ መስቀል ሲቃረብ ወንዱ ስለ ሥጋው፣ ሴቷ ስለ ቅቤው ታስባለች። ደርግ በወደቀ ማግስት በሶዶ አንድ ሰፈር የሚኖሩ ሰባት ሴቶች በየሐሙሱ አንድ አንድ ሙዳ ቅቤ እያመጡ በአንድ ጋን ማጠራቀም ጀመሩ። ለመስቀል አንጥረው ይካፈሉታል። ነገር ግን ከየሙዳው አስቀድሞ ጥቂት ይቆነጠርና ለብቻው ይቀመጣል፤ ይህ ዘመድ የሌላት ሴት ስትወልድ ለገንፎዋ የሚሄድላት ነው። ሐሳቡን ያመጣችው ከሰባቱ አንዷ፣ የጉኑኖ ተወላጅ የሆነች ጎረቤቴ ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም። የማኅበሩ ብቸኛ ደንብም ከእሷ አፍ የወጣ ነው፦ «ያልቀመስሽውን አትቀበዪ።» ገበያ ላይ በቅቤ ውስጥ ሙዝ እየለወሱ የሚሸጡ እንዳሉ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ቅቤውን በየሁለት ወሩ የምትቀያየር ተረኛ ትቀበላለች። ቅቤው የተጠቀለለበትን ኮባ ፈትታ፣ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ፣ ቀምሳ ጋኑ ውስጥ ትከተዋለች። እኔ ከዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመርቄ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተምር ስለ ነበርሁ፣ አባል በሆንሁ በዓመቱ መዝገብ ይዤ መጣሁ። ሳምንት፣ ያመጣችው አባል፣ «ተቀምሷል» የሚል ዓምድ፤ ሁሉንም በማስመሪያ ከፋፍዬው ነበር። ጎረቤቴ አይታ ሳቀች።

«አይ ቲቸር! ቅቤውንም ልትፈትኚው ነው? ከወደቀ ደግሞ ክፍል ሊደግም?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። መዝገቡ ግን ተለመደ።

በዚያ ዓመት ተራዬ ሁዳዴ ላይ ዋለ። አያቶቼ ከሰሜን የመጡ ኦርቶዶክሳውያን ናቸው፤ እኔም እጾማለሁ። ከማኅበሩ አባላት የሚበዙት ፕሮቴስታንት ስለሆኑ የጾም ነገር ለእነሱ አያስቸግርም ነበር። ተራዬን ከአንዷ ጋር መቀያየር እችል ነበር። አልተቀያየርሁም። ቀለሙን በብርሃን አያለሁ፣ አሸታለሁ፣ ይበቃል ብዬ ለራሴ ወሰንሁ። ከዚያም በየሐሙሱ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ «ተቀምሷል፤ ደህና ነው» እያልሁ ጻፍሁ። ጾሙን ሙሉ አንድም ዓምድ ባዶ አልተውሁም።

ከፋሲካ በኋላ ተራው የጎረቤቴ ሆነ። እሷ የመጣላትን ሁሉ ቀመሰች፤ ምንም አልጻፈችም።

መስቀል ሲቃረብ ቅቤውን ስናነጥር ከድስቱ የበሰለ ሙዝ ሽታ ወጣ። ከሥር የቀረው ዝቃጭ እንደ አጥሚት የወፈረ ነበር። ከዚሁ ቅቤ የተቆነጠረው ለሁለት አራሶች ተሰጥቷል፤ ሁላችንንም ያሳፈረን ይህ ነው። ጋኑ ውስጥ የታመቀውን ቅቤ በየትኛው ሳምንት እንደ መጣ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሊቀ መንበሯ መዝገቡን ገለጠች።

«ቲቸር ቀምሳለች፤ ይኸው ተጽፏል» አለች። «ከፋሲካ ቀጥሎ ያሉት ሁለት ወራት ብቻ ባዶ ናቸው።»

«ቀምሻለሁ» አለች ጎረቤቴ። «የቀመስሁት በምላሴ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ምን ትፈልጉብኛላችሁ?»

ከኋላ አንዷ «ላሟ ከሞተች ወዲህ የእሷስ ቅቤ ከየት ነው የሚመጣው? ከቦዲቲ ገበያ አይደል?» አለች። ሳቅ ተሰማ።

ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወደ መዝገቡ አቀረቀርሁ። ጥቂት ጠበቀችና ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። በሚቀጥለው ሐሙስ አልመጣችም። ዓመት ሳይሞላ ቤቷን ዘግታ ጉኑኖ ልጇ ዘንድ ገባች።

ከዚያ በኋላ እሷን የሚያስጠረጥር ነገር ስለቅም ኖርሁ። ላሟ ሞታለች፤ እውነት ነው። ከገበያ ትገዛ ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ግን እኔም እገዛ ነበር። ሁላችንም ማለት ይቻላል እንገዛ ነበር።

ታሪኩን ልጽፍ ስቀመጥ የገረመኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ስብሰባ የተቀመጠች ሴት ሁሉ በሁዳዴ እንደምጾም ታውቃለች። በእነዚያ ሐሙሶች የጾም ሽሮ ለብቻዬ ሠርተው ያቀረቡልኝ እነሱው ናቸው። ታዲያ «እንዴት ቀመስሽው?» ብላ የጠየቀች ለምን ጠፋች? ከዚያ ስብሰባ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ማኅበሩ በቀበሌው የሴቶች አደረጃጀት ሥር ይግባ፣ አንድ ለአምስት ይከፋፈል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ጎረቤቴ «እኛ የተሰበሰብነው ለአራስ ነው፤ ለስብሰባ አይደለም» ብላ አስቆመችው። እሷ ከወጣች በኋላ ሊቀ መንበሯ ብዙም ሳትቆይ ፈረመች። ሁለቱ ነገሮች ይገናኛሉ ብዬ ላረጋግጥ አልችልም። አይገናኙም ብዬም ማመን አልቻልሁም።

አንድ ቅዳሜ ጉኑኖ ሄድሁ። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ቦሎቄ ስትፈለፍል አገኘኋት። አርጅታለች። ተቀመጪ አላለችኝም፤ በርጩማውን ግን በእግሯ ወደ እኔ ገፋች።

«እትዬ፣ በሁዳዴ አልቀመስሁም ነበር» አልኋት። «ቀምሻለሁ ብዬ ጻፍሁ እንጂ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?»

«አንቺ እንድትናገሪ ጠበቅሁሽ። ቀና ትላለች ብዬ አየሁሽ። መዝገብሽን ታነቢያለሽ!» ቦሎቄውን ወደ ወንፊቱ ወረወረችው። «እዚህ እንኳ ገበያ ስወጣ ‹የሙዝ ቅቤዋ ሴትዮ› የሚሉኝ አሉ። ምራቴ ሰምታለች።»

«ታሪኩ ላይ እጽፈዋለሁ። እውነቱን፣ እንዳለ።»

«እነዚያ አሮጊቶች ማንበብ ይችላሉ? ያንቺን ወረቀት ማን ያነበዋል?» አለችኝ። «ልትናገሪ ከሆነ በአፍሽ ተናገሪ። ፊታቸው ላይ፣ በወላይትኛ።»

የእኔ ወላይትኛ ከገበያ የማያልፍ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስለማመድ ሰነበትሁ። በበዓሉ ቀን ሁለቱን ገጽ በአማርኛ አነበብሁ፤ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ በወላይትኛ ቀጠልሁ። ሊቀ መንበሯ «ቲቸር፣ ምሳው እየቀዘቀዘ ነው» ብላ አንድ ጊዜ አቋረጠችኝ። አላቆምሁም። እየጾምሁ እንደ ነበር፣ ሳልቀምስ እንደ ጻፍሁ፣ ጉኑኖ ያለችው ሴት ግን ሁሉንም ቀምሳ እንደ ተቀበለች፣ ዝም በማለቴም ስሟ እንደ ጠፋ ተናገርሁ። አንዳንዱን ቃል ሳበላሽ ከፊት የተቀመጡት መሥራቾች ቀስ ብለው ያርሙኝ ነበር።

ስጨርስ ከኋላ አንዲት ድምፅ «እንግዲያ ሙዙን የቀላቀለችው ማን ናት?» አለች።

በእነዚያ የጾም ሳምንታት ቅቤ ካመጡት ሴቶች የሚበዙት እዚያው ነበሩ፤ ከአግዳሚው እስከ አግዳሚው ሲተያዩ አየሁ። ሊቀ መንበሯ እንግዶቹን ወደ ምሳው አስነሣች። እኔ አጠገብ ተቀምጦ የበላ ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ ከመሥራቾቹ ሁለቱ ጉኑኖ ወርደው እንደ ጠየቋት፣ እዚያም እንዳደሩ ሰማሁ። እኔን አልጠሩኝም። ሐሙስ ዕለት ቅቤዬን ይዤ ተረኛዋ ቤት ሄድሁ። ከእኔ በፊት የደረሱትን ሁለት ሴቶች ቅቤ አንድ አንድ ጊዜ ቀምሳ ተቀበለች። የእኔን ኮባ ፈታች፣ ቆንጥራ ቀመሰች፣ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ከታች በኩል፣ ከመካከሉ ቆንጥራ ደግማ ቀመሰች።