ሳቅ ከሚጥላት ልጄ ጋር ወደ ደብረ ማርቆስ

ከደብረ ኤልያስ የተነሳነው በጥቅምት፣ ጠሉ ከሣሩ ላይ ሳይረግፍ ነው። እኔ፣ አምስት ዓመት የሆናት ልጄ ውዴና አንዲት ያረጀች በቅሎ ነበርን። ሚስቴ ጥሩነሽ የሚጠባ ሕፃን ስለያዘች ቀረች። በር ላይ ቆማ ስንቅ ያዝህ ወይ እንኳ ሳትለኝ «ብቻ መንገድ ላይ እንዳታስቃት» አለችኝ።

ነገሩን ላስረዳ። ውዴ ስትስቅ ትወድቃለች። ሳቁ ከልቧ የመጣ እንደሆነ መጀመሪያ አገጯ ይላላል፣ ከዚያ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ከዚያ እንደ እርጥብ ነጠላ እጥፍጥፍ ብላ ትወድቃለች። አትናገርም፣ አትንቀሳቀስም። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሰው ትነሳለች። ያም አልበቃ ብሎ በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ይወስዳታል፤ ጉርሻዋን ሳትውጥ የምትተኛበት ጊዜ አለ። ጠበል አስጠመቅናት፣ ክታብ አሰርንላት። አንዲት አክስቴ «አንድ ቀን ወድቃ ትቀራለች፤ ሳቅ አታስለምዷት» ብላ መከረችን፤ ከዚያ ወዲህ ሳቅ ከቤታችን ወጣ። ራሴን ማወደስ አይሁንብኝና፣ እኔ የሌለሁበት ሰርግ አይደምቅም የምባል ሰው ነኝ። በገዛ ቤቴ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እንደ መነኩሴ አፌን ዘግቼ ኖርሁ።

ደብረ ማርቆስ የተቀመጠው የጣልያን ሐኪም አገሬውንም ያያል ሲባል ሰማሁ። ጠላት ደጅ መጥናቱ ከበደኝ። የሚስቴ ወንድም ከአርበኞቹ ጋር በረሃ ስለነበረ ምን ትላለህ ብዬ ላክሁበት። «ልጅቷን ውሰዳት፤ አንተ ብቻ እዚያ አትክረም» ብሎ መለሰልኝ። ማወቅ የፈለግሁት አንድ ነገር ነበር፤ ልጄ አንድ ቀን ስትስቅ ትሞትብኛለች ወይስ አትሞትም?

እስከ ጨሞጋ

ጠዋቱ ጉም ነበር። ጤፉ ከግራም ከቀኝም አረንጓዴ ሆኖ ጉሙ ውስጥ ይገባል፤ የት እንደሚያልቅ አይታይም። ውዴ ኮርቻው ላይ ትተኛለች፣ ትነቃለች፣ ሕልሟን ካቆመችበት ትቀጥላለች። አንድ ቦታ ላይ ስንደርስ «ይቺን ዋርካ ቅድም አልፈናታል፤ ሥሯ ነጭ ላም ተኝታ ነበር» አለችኝ። ዋርካዋን አላለፍናትም፣ ላምም አልነበረችም። እኔም የሷ ሕልም የት አልቆ የኛ መንገድ የት እንደሚጀምር ማጣራቱን ቀስ በቀስ ተውሁት። የጨሞጋን ወንዝ በእውነት ከመሻገራችን በፊት በሷ አፍ ሁለት ጊዜ ተሻግረነዋል። ደስ የሚል መንገድ ነበር።

በእግሯ ስትሄድ ግን አንድ አመል አመጣች፤ ድንገት ቁጭ ትላለች። አንድ ቄስ ነፋስ ከገለበጠባቸው ጥላ ጋር ሲታገሉ አየን፣ ቁጭ አለች። አንድ ገበሬ አልሄድ ካለው በግ ጋር ሲከራከር ደረስን፣ ቁጭ። በቅሎዋ አነጠሰች፣ ቁጭ። ፊቷን ወደ ሣሩ ስለምትደፋ ምን እንደሆነች አይታየኝም። ደክሟት ነው ብዬ በየጊዜው እያነሳሁ ኮርቻው ላይ አወጣኋት።

ወንዙ ዳር አንዲት ባልቴት አሳደሩን። እርጎና የገብስ ቂጣ አቀረቡልን፤ ጨው ገበያ ላይ ጠፋ ስላሉኝ ከያዝሁት አሞሌ ቆርሼ ሰጠኋቸው። የጉዟችንን ምክንያት ስነግራቸው ውዴን ለረጅም ጊዜ አዩአት።

«ታዲያ እናንተ ቤት ልጅ የሚያድገው በምንድን ነው?» አሉኝ።



ኬላው

በማግስቱ ጣልያን ያወጣው አዲስ መንገድ ላይ ደረስን። መንገዱ በተፈለጠ ድንጋይ የተነጠፈ ስለሆነ በቅሎዋ አልወደደችውም፤ ካሚዮን የሚሉት የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ደግሞ አቧራ ያለብሰናል። ከተማው መግቢያ ላይ ኬላ አለ። ዘርፍ ያለው ረጅም ቀይ ቆብ የደፋ፣ አስካሪ የሚሉት ለጣልያን ያደረ ወታደር ቀጥ ብለን እንድንቆም አዘዘንና ስንቃችንን ሊፈትሽ ጎንበስ አለ። ይቺ አሮጊት በቅሎ አንገቷን አዙራ ቆቡን ከራሱ ላይ በጥርሷ አነሳችው።

እኔ በፍርሃት ደርቄ ቀረሁ። ውዴ ቁጭ አለች። ሌላው ዘበኛ «ተነሽ» ብሎ ሲጮህባት ብብቷን ይዤ በግድ አቆምኋት። ያን ጊዜ አገጯ ላላ፣ ከእጄ አመለጠችና በግንባሯ ድንጋዩ ላይ ወደቀች። ደም ፊቷን ሸፈነው። አስካሪው ወረርሽኝ መስሎት ወደ ኋላ ሸሸ። እኔ ራሷን ታቅፌ ልጄ አትሂጂብኝ እያልሁ ለመንኋት።

ጥቂት ቆይታ ዓይኗን ገለጠች። «አባ፣ ቁጭ ብዬ ነበርኮ። ለምን አነሳኸኝ?»

ደሙን በነጠላዬ ጠረግሁላት።

«ሳቅ ሲመጣ ቁጭ እላለሁ። ቁጭ ካልሁ አያመኝም» አለችኝ። ቀጥላም «ደግሞ አትጩህ። ስወድቅ ሁሉንም እሰማለሁ። እማ ሞተችብኝ ስትል እሰማታለሁ» አለች።

ቄሱ ከነጥላቸው፣ ገበሬው ከነበጉ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ልጄ ያን ሁሉ መንገድ እየሳቀች ነው የመጣችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ደግሞ በወደቀች ቁጥር የራሷን ለቅሶ ስትሰማ ኖራለች። ኬላው ላይ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ አለቀስሁ።

ሐኪሙ ዘንድ

ደሙን ያየው ዘበኛ ቶሎ አሳለፈን። ሐኪሙ ግንባሯን አጥቦ አሰረላትና ምን እንደጣላት ጠየቀ። ሳቅ ነው ስል አጠገቡ የቆመው አስተርጓሚ ፊቱ ተለዋወጠ።

«አንተ ሰው፣ ሳቅ ይጥላታል ብዬ ብነግረው እኔን ከእንጀራዬ ይጥለኛል» አለኝ።

እንደምንም ነገረው። ሐኪሙ ግን አልተቆጣም፤ ጉልበቷን መታ መታ አደረገ፣ ዓይኗን አየ፣ ስለ እንቅልፏ ጠየቀ። እንዲህ ያለ ሰው ባገሩ አንድ ጊዜ አይቷል። መድኃኒት የለኝም አለ፤ እሳትና ውሃ አጠገብ፣ ገደል አፋፍ ላይ ካልጣላት ግን አይገድላትም፤ እንቅልፉ ሲመጣም ትተኛ። ታዲያ ትሳቅ ወይ ብዬ አስጠየቅሁት። ትከሻውን ሰበቀ። «ልጅ ካልሳቀ ምን ሊሠራ ነው ይልሃል» አለኝ አስተርጓሚው። ሐኪሙ ይበለው አስተርጓሚው ከራሱ ይጨምረው አላውቅም። ጠላትን አመሰግናለሁ ማለት አፌ ላይ ከበደኝ፤ ግን አልሁ።

ስንመለስ

በመልሱ ጉዞ እሷ ቁጭ ስትል እኔም አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርሁት ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ጉም ነበር። ዋርካዋ ጋ ስንደርስ ሥሯ ነጭ ላም ተኝታ አየሁ። ውዴ እንቅልፍ ላይ ነበረች፤ አልቀሰቀስኋትም።

ጥሩነሽ ግንባሯ ላይ የታሰረውን ጨርቅ ስታይ ቀለሟ ጠፋ። «አሳቅሃት?» አለችኝ።

«እኔ አይደለሁም፤ በቅሎዋ ናት።»

ውዴ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ወደ ግድግዳው ጎተተቻት። «እማ፣ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለቻትና እሷም ተቀመጠች። «አሁን ንገራት፣ አባ።»

የቆቡን ነገር ማውራት ጀመርሁ። ሁለት ዓመት ያረፈ ምላሴ ዝጎ ይሆናል ብዬ ነበር፤ አልዛገም። ውዴ ሳቀች፣ አገጯ ላላ፣ እናቷ ጭን ላይ ፍስስ አለች። ጥሩነሽ የለመደችውን ልትል አፏን ስትከፍት እጇን ያዝኋት።

«ትሰማሻለች» አልኋት።

ልጅቷን አየች፣ እኔን አየች፤ ቃሏን ዋጠችው። እንባዋ እየወረደ ወደ ውዴ ጆሮ ጎንበስ አለችና «ከዚያስ፣ በቅሎዋ ቆቡን በላችው?» ብላ ጠየቀችኝ።

አልበላችውም ነበር።

«ከነዘርፉ» አልኋት።