ወይዘሮ ጀማነሽ የራሳቸው እህት ሆነው ሐኪም ቤት የሄዱ ዕለት

ወይዘሮ ጀማነሽ ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተዋል። እሳቸው ሳያነቡት ያለፈ ደብዳቤ የለም። እንዲያውም አንድ ሥራ አስኪያጅ መሻሩን የሰማው፣ ወይዘሮ ጀማነሽ ደብዳቤውን አንብበው፣ አዝነው፣ ተጽናንተው ካበቁ በኋላ ነው ይባላል። እንግዲህ የራሳቸውን በሽታ እንዳያውቁ የተፈረደባቸው እኚህ ሴት ናቸው።

ነገሩ የጀመረው የወር አበባ ከተሰናበታቸው በአሥራ አንደኛው ዓመት ደም ሲያዩ ነው። ናሙና ተወሰደ፤ የማሕፀን ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ማሕፀናቸው ወጣ። ወሬው ግን እንደ አገሩ ደንብ ለታማሚዋ ሳይሆን ለዘመድ ተነገረ። ታናሽ ወንድማቸው ወልደአረጋይ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ ዘመድ አዝማዱን ሰብስቦ፣ «በቃ፣ ጨጓራ ነው እንበላት» ሲል ወሰነ። ለጨጓራ ተብሎ ማሕፀን ሲወጣ በዓለም የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

እውነቱን የጎተራ ታክሲ ረዳት ሳይቀር ያውቃል። ወይዘሮ ጀማነሽም ያውቃሉ። ግን በሚኖሩበት ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ «ጨጓራሽ እንዴት ዋለ?» ለሚላቸው ሁሉ፣ ከእምብርታቸው በታች እየደገፉ፣ «ተመስገን፣ ደህና ነው» ይላሉ። ወንድማቸው እንደዚያ ደክሞበት እንዴት ያሳፍሩት!

አንድ የማያውቁት ነገር ብቻ ቀረ። ከወጣው ሥጋ ላይ ፕሮቲኖች እየተመረመሩ ነው፤ ውጤቱም በሽታው ይመለስ እንደሆነ ይተነብያል። ይህን ወልደአረጋይ በስልክ ሲያንሾካሹክ ሰምተዋል። ወልደአረጋይ ሲያንሾካሹክ ስታዲየም ድረስ ይሰማል። የጨረር ሕክምና ያስፈልጋቸዋል ወይስ ክትትል ይበቃል? ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ለቤተሰብ ይነገራል ተባለ። ለቤተሰብ!

ሐሙስ፣ ከቀጠሮው ግማሽ ሰዓት ቀድመው፣ የጎረቤት ቀሚስ ተውሰው፣ የፀሐይ መነጽር አድርገው ሐኪም ቤቱ ደረሱ። የካንሰር ሐኪሟ ዶክተር ልዩ ከዚያ በፊት አይታቸው አታውቅም።

«የወይዘሮ ጀማነሽ እህት ነኝ።»

«እህት? እዚህ የተጻፈው ወንድም ብቻ ነው እኮ።»

«ወንድሜ መርሳት ይወዳል።»

«እሳቸውስ ሕመማቸውን ያውቃሉ?»

«ኧረ ምኑን! ጨጓራ ነው ብለናታል። አምናን ቁጭ ብላለች፣ ምስኪን።»

ይሄኔ በሩ ተከፈተና ወልደአረጋይ ከእድሩ ዳኛ ከአቶ መብራህቱ ጋር ገባ። ክፉ ወሬ ያለ እድር ዳኛ አይሰማማ! እህቱን ሲያይ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«ና ወልዴ፣ ተቀመጥ» አሉት ቀደም ብለው። «ዶክተሯ ስለ ጀማነሽ ልትነግረን ነው።»

ሰውየው ጉድ ፈላበት። «ጀማነሽ ይቺው ናት» ካለ፣ ሰባት ሳምንት የደበቀው ምስጢር እዚያው ጀማነሽ ፊት ሊዘረገፍ ነው። ምስጢሩን ለማዳን የቀረው መንገድ አንድ ብቻ ሆነ።

«እ... እህቴ! ማለቴ... ከደሴ መቼ ገባሽ?»

«ትናንት።»

አቶ መብራህቱም አርባ ዓመት የሚያውቋቸውን ጎረቤት ባርኔጣቸውን አንስተው ተዋወቁ። «ጀማነሽ ስለ እርስዎ አንስታልን አታውቅም።»

«ቅናተኛ ናት።»

ዶክተር ልዩ ሦስቱንም አየች፤ ወደ ሥራዋ መመለስ እንደሚሻል ወሰነች። «ሁለት ፕሮቲኖች አይተናል። አንዱ ፒ ሃምሳ ሦስት ይባላል። የሴል ዘበኛ በሉት፤ የተበላሸ ሴል እንዳይራባ ይከለክላል። እሱ ራሱ ከተበላሸ በሽታው ኃይለኛ ይሆናል። ሌላው የሆርሞን መቀበያ ነው፤ ሲጠፋ ምልክቱ ጥሩ አይደለም።»

«ታዲያ ዘበኛው ተኝቷል?» አሉ አቶ መብራህቱ።

ወይዘሮ ጀማነሽ መነጽራቸውን አወለቁ። «ንገሪኝ ልጄ።»

«ዘበኛው ደህና ነው። መቀበያውም አለ። በሽታው ከማሕፀን ሳይወጣ ስለተደረሰበት የመመለስ ዕድሉ ትንሽ ነው። ጨረር አያስፈልግም፤ ክትትል ብቻ። ግን ትንበያ ነው፣ መሐላ አይደለም።»

ወልደአረጋይ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። አቶ መብራህቱ ሁለት ገጽ ማጽናኛ ጽፈው መጥተው ነበርና፣ እንዳይባክን ብለው አነበቡት።

«አሁን ለጀማነሽ ማን ይንገራት?» አሉ ሲጨርሱ።

«እንዴት ተደርጎ!» አለ ወልደአረጋይ እንባውን እየጠረገ። «መታመሟን ሳታውቅ ዳነች ይባላል? ትደነግጥብናለች!»

በዚህ ላይ ሩብ ሰዓት ተከራከሩ። ቀስ በቀስ ይነገራት፣ መጀመሪያ ጨጓራዋ ወደ ታች ወርዶ ነበር እንበላት፣ እስከሚለው ደረሱ።

«ወልዴ» አሉ ወይዘሮ ጀማነሽ። «ወደ እኔ ዙር። ጀማነሽ ነኝ። ንገረኝ።»

ዶክተር ልዩ እስክሪብቶዋን ጣለች። ወልደአረጋይ ወደ እድሩ ዳኛ ዞረ። አቶ መብራህቱ አሰቡ፣ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ተፈቀደ።

«እታለም... ካንሰር ነበረብሽ።»

«እሺ።»

«የመመለስ ዕድሉ ትንሽ ነው አሉ።»

«ትንሽ ስንት ነው?»

ወልደአረጋይ ዶክተሯን አየ። ይህን መጠየቅ ትዝም ብሎት አያውቅም።

«በል፣ አንተም አቶ መብራህቱም ውጪ ጠብቁኝ» አሉና ወንበራቸውን ወደ ዶክተሯ ሳቡ። «እኔ ነኝ ታማሚዋ፣ ልጄ። በይ ከመጀመሪያው ጀምሪልኝ።»