ከጓንዡ ስመለስ የያዘኝ ትኩሳት

መጀመሪያ የመጣው ላብ ነው። አመሻሽ ላይ ሲቀላ ሰፈር ባለው ሱቃችን ትሪና ድስት እየደረደርኩ ነበር። ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይነፍሳል። እኔ ግን እስከ ሻሼ ድረስ ራስኩ። ላቡ እንደ እርጥብ ገለባ ይሸት ነበር። ባለቤቴ ሸምሱ ግንባሬን ዳስሶ፣ «የመንገድ ድካም ነው፣ ተኚ» አለኝ።

ከቻይና ከተመለስኩ ወር አልሞላኝም ነበር። ከሸምሱ እህት ከራድያ ጋር ለሱቁ የቤት ዕቃ ልንገዛ ጓንዡ ሄደን ነበር። ቀን ቀን ከመጋዘን መጋዘን እንዞራለን፤ ወደ ማታ እግራችን ሲዝል ሙስሊሞች ምግብ ወደሚሸጡበት ጠባብ መንገድ እንገባለን። በሮቹ ላይ በዐረብኛ ሐላል የሚል ተጽፏል። እኛ ዱለት በልተን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ሆድ ዕቃ አላስፈራንም። ጨጓራና አንጀት በሚያቃጥል መረቅ ውስጥ ተቆራርጦ ይቀርባል። የበግ ሳንባ በዱቄት ውሃ ተነፍቶ ይቀቀልና እንደ ነጭ ዳቦ ይቆረሳል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ይቀልጣል። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ኩላሊቱን ነው። በሽቦ ተሰክቶ ከሰል ላይ ይገላበጣል፤ ከሙንና ሚጥሚጣ የመሰለ ቅመም ይነሰነስበታል። ውጪው ጠቁሮ መሃሉ ገና ሮዝ ነበር። «ትንሽ ይብሰል» ለማለት ቋንቋ አልነበረኝም፤ ደግሞም ጣፈጠኝ። ራድያ እየሳቀች፣ «አንቺ ልጅ፣ እዚሁ ልትቀሪ ነው!» ትለኝ ነበር።

እኛ አገር ትኩሳት ሲባል መጀመሪያ ወባ ነው። ደሜ ታየ፤ ወባ የለም። ቀጥሎ ዊዳል የሚባለውን ምርመራ አደረጉልኝና ታይፎይድ ነው አሉኝ። መድኃኒቱን ወሰድኩ። ትኩሳቱ ጥቂት ቀን ጠፋና ተመለሰ።

ይመጣ የነበረው ምሽት ምሽት ነው፤ ሲመጣም ብቻውን አይመጣም። ያ ጠባብ መንገድ ከቀይ መብራቱና ከእንፋሎቱ ጋር መኝታ ቤቴ ድረስ ይገባል። ተነስቼ እሄድበታለሁ። መብራቶቹ መሃል የሙዝ ቅጠል ተንጠልጥሏል፤ መንገዱም ሲያልቅ ሌላ መንገድ ሳይሆን የእኛው አገር ኩልፎ ወንዝ ይፈስሳል። ኩላሊት ጠባሹ ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ በአፍ መፍቻዬ በስልጥኛ፣ በስሜ ይጠራኛል። ሕልም መሆኑን አውቃለሁ። ግን መንቃት አልፈልግም ነበር፤ እዚያ ስራመድ ምንም አያመኝም።

ስነቃ ያመኛል።

ወገቤ ተያዘ። ከዚያ ዳሌዬ። ከአልጋ መውረድ አቃተኝ። ሸምሱ ጫማዬን ያጠልቅልኝ ጀመር። ሰፈር ውስጥ «የቻይና በሽታ» የሚል ወሬ ተነሳ። ሱቃችን ሰው ቀነሰበት። አንድ ቀን ልጆቼን አይቼ አለቀስኩ። አሳዳጊ እንዳያጡ ዱዓ አደረግኩ።

ሌላ ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። ዶክተሯ ወጣት ናት። ወገቤን ጫን ጫን አድርጋ አየችና ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች።

«በቅርብ ከከተማ ወጥተው ነበር?»

«ቻይና።»

«ምን ይበሉ ነበር?»

ሸምሱ ቀደመኝ፤ ሰው ፊት አፍሮ ነው። «ያው ሩዝ ነው፣ ዶክተር።»

«እርሳቸውን ነው የጠየቅኩት» አለች በለሆሳስ።

ሁሉንም ነገርኳት፤ ሳንባውን፣ አንጀቱን፣ መሃሉ ሮዝ የነበረውን ኩላሊት። ፊቷ አልተለወጠም። «ያልተፈላ ወተትስ ይጠጣሉ?» ስትለኝ አልፎ አልፎ ከገበያ እርጎ እንደምንገዛ ነገርኳት። አሁን ደግሞ ብሩሴላ ለሚባል ባክቴሪያ ደሜ ተመረመረ፤ ወገቤም ራጅ ተነሳ።

«ብሩሴሎሲስ ይባላል» አለችኝ ውጤቱን ይዛ። «ከከብት፣ ከበግና ከፍየል የሚመጣ ነው። ከዚያ ይምጣ ከዚህ በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ እርጎውም ሊሆን ይችላል። አከርካሪዎን ነክቶታል። ይድናል፣ ግን ረጅም ነው። ትኩሳቱ ስለጠፋ ብቻ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ።»

ዶክሲሳይክሊንና ሪፋምፒሲን አዘዘችልኝ፣ ለሦስት ወር። ሪፋምፒሲኑ ሽንቴን ብርቱካናማ ሲያደርገው ደም መስሎኝ ደንግጬ ነበር፤ ኋላ ያለ ነገር ነው ተባልኩ። ወደ ቤት ስንመለስ ሸምሱ ባጃጁ ውስጥ ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «ሳንባ ደግሞ እንዴት ተብሎ ይነፋል?» አለኝ። ከታመምኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ጫኖ መንደር የማንጎ ማሳ ያላት ጋሞዋ ደንበኛችን አልማዝ መታመሜን ስትሰማ እንደ ሌላው ሰው አልሸሸችኝም፤ ሱቁ ድረስ መጥታ፣ «እኛ ጋ ነይ። ጥላ አለች፣ ነፋስ አለች» ብላ ይዛኝ ሄደች። ዶክሲሳይክሊን ለሚወስድ ሰው ፀሐይ ጥሩ ስላልሆነ ቀኑን ሙሉ ማንጎው ሥር ምንጣፍ ላይ ተኝቼ፣ የመስኖው ውሃ ከቦይ ቦይ ሲዞር እየሰማሁ፣ ቅጠሉ መሃል የምትሾልከው ብርሃን እጄ ላይ ስትንቀሳቀስ እያየሁ እውልና፣ እንቅልፍ ይሁን ንቃት ሳልለይ ጀምበሯ ትጠልቃለች። አልማዝ ሀለኮ የሚሉትን የሽፈራው ቅጠል ቀቅላ ከበቆሎ ቂጣ ጋር ታቀርብልኛለች፤ መጀመሪያ ሁለት ጉርሻ፣ ቆይቶ ሳህኑን ጠርጌ እበላ ጀመር። ቀስ በቀስ ማሳውን በምርኩዝ፣ ከዚያ ያለ ምርኩዝ መዞር ቻልኩ፤ ቁጭ ብዬ ስሰግድ የከረምኩት ሴት አንድ ከሰዓት በኋላ ጎንበስ ብዬ ግንባሬን መሬት አስነካሁ፣ ከዚያም ቶሎ ቀና ማለት ስላልፈለግኩ እዚያው ቆየሁ።

አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ሱቄ ነኝ። ዶክተሯን፣ አልማዝን፣ ጫማዬን ያጠለቀልኝን ሰው አላህ ይጠብቅልኝ። ራድያ ያንኑ ምግብ በልታ ምንም አልሆነችም፤ አንዱን የሚጥል ሌላውን ያልፋል። ሆድ ዕቃ አልተውኩም፤ በደንብ ካልበሰለ ግን አልነካም፣ ወተትም ሳይፈላ ቤቴ አይገባም። እናንተም ትኩሳቱ እየሄደ እየመጣ ካስቸገራችሁ፣ የት እንደሄዳችሁና ምን እንደበላችሁ ለሐኪም ሳታፍሩ ተናገሩ፤ አጠገባችሁ ያለው ሰው ቢያፍር እንኳ።

ይህን ተኝታችሁ የምታነቡ፣ ምሽቱን እንደምትፈሩት አውቃለሁ። መድኃኒታችሁን ጨርሱ። አንድ ምሽት ትኩሳቱ ይቀራል። እናንተም እየጠበቃችሁት እንቅልፍ ይወስዳችኋል።