የጋሪፋሊያ ስለት በመብራት ማማው

በተራራዋ መንደራችን ካፌ የተወራው ይህ ነው፦ ባሏ የሞተባት ጋሪፋሊያ ባሕር ዳርቻ ያለውን የመብራት ማማ ልትጎበኝ ወርዳ መብራቱን አጥፍታው፣ ሦስት መርከቦች መንገድ ስተው፣ አንዱ የሰው ወይራ ማሳ ውስጥ ገብቶ ቆሟል። ቡናው ሳይበርድ መርከቦቹ ሰባት ደረሱ።

ማን ያምናል? የሄደችው በጠራራ ፀሐይ ነው። ያልበራ መብራት ደግሞ እንዴት ይጠፋል?

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጇ አርጊሪስ መርከበኛ ነው። በክረምቱ ማዕበል ለመርከበኞች ጠባቂ ለቅዱስ ኒቆላዎስ ቀንዲል ዘይት ተስላለት ነበር፤ ልጁ በደህና ተመለሰ፣ ዘይቱ ግን ጓዳ ቀረ። ነገ ደግሞ ሊሳፈር ነው። ስለቱ ሳይገባ ቢሄድ ቅዱሱ በምን ዓይኑ ያየዋል? ስለዚህ ጎረቤቶቿ «መርከብ የሚመራውን መብራት ልናይ ነው» ሲሉ ከሁሉ ቀድማ አውቶቡስ ውስጥ ተገኘች። ባሕር አፋፍ ላይ የቆመ፣ ጉልላት ያለው፣ መርከበኛ የሚጠብቅ ነጭ ቤት ከቅዱስ ኒቆላዎስ ሌላ የማን ሊሆን ነው?

ደጃፉን ተሳልማ ገባች። ሥዕል የለም፤ ጠባቂው ሊኩርጎስ ብቻ ቆሟል። ግራ ገባት።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ ውስጥ ባርኔጣ? ቅዱሱስ የታለ?»

«የቱ ቅዱስ?»

«የሚያበራው ነዋ!»

«እማማ፣ የሚያበራው ኤሌክትሪክ ነው።»

«እንዲህ የሚባል ቅዱስ አላውቅም። የየት አገር ሰው ነው?»

እሷ መልሱን ሳትጠብቅ የዘይት ጠርሙሷን አቅፋ፣ ቀንድ አውጣን እንኳ የሚያዞረውን ጠመዝማዛ ደረጃ ተያያዘችው። ላይ ስትደርስ ጎጆ የሚያህል መስታወት ጠበቃት። ዙሪያውን ብትዞር፣ ብትዞር ዘይት የሚገባበት አፍ አጣች። አናቱ ላይ ልታፈስ ስትል ሊኩርጎስ እያለከለከ ደረሰ።

«ኧረ በማርያም! ከሥራዬ ሊያስባርሩኝ ነው?»

«ልጄ ነገ ይሳፈራል» አለች ጠርሙሷን ሳትለቅ። «ሳይበራ አልወርድም።»

ሊኩርጎስ ቁጣውን ተወ። ክንዷን ደግፎ አወረዳትና፣ ለጎብኚ የሚታየውን የአያቶቹን ዘመን የዘይት መብራት ከሣጥኑ አወጣ። አቧራውን ጠረገ። ከመሐረቡ ቀዶ ክር ገመደለት። እሷ ዘይቱን ሞላች፤ እሱ ለኮሰ። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ባርኔጣውን አወለቀ። ጋሪፋሊያ ስታማትብ፣ ማማ ሊያዩ የመጡት ጎረቤቶቿም እርስ በርስ እየተያዩ አማተቡ።

ማታ የካፌው ባለቤት ደጃፉ ላይ ያዛት።

«አንቺ ጋሪፋሊያ፣ እውነት ማማውን አጠፋሽው?»

«የምን ማጥፋት? አብርቼ ነው የመጣሁት! መርከብም አልጠፋ፣ ማማ የሚባል ነገርም በዓይኔ አላየሁ። ቤተ ክርስቲያን ነው የሄድኩት።»