ተራ ብረት

እናቴ የሙዚቃ መሣሪያዬን፣ የቫይብራፎኔን ስም ለመጥራት አንድ ቀን እንኳ ሞክራ አታውቅም። «ያ ብረትህ» ነበር የምትለው። በሁለት ሳጥን ተከቶ አልጋዋ ሥር ይቀመጥ ስለነበር፣ መጥረጊያዋ በነካው ቁጥር ትረግመዋለች። ልፍረድላትና፣ ከረጅም ወደ አጭር የተደረደሩ፣ ክር በተጠቀለለባቸው በትሮች የሚመቱ ጠፍጣፋ ብረቶች ናቸው። እኔ ግን እንጀራዬን የምበላው በእነሱ ነበር።

ከአብዮቱ በፊት ጅማ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ላቲን ጃዝ እንጫወት ነበር። የቡና ነጋዴዎቹ የቻቻ ዳንሱን ምት ሲሰሙ ወንበር አያስቀምጣቸውም። በቡና ወቅት አጋሮም አሰንዳቦም ለሰርግ ተጠርተናል። አሰንዳቦ ላይ አንዱ «ይኼ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው» ቢለኝ፣ ከመድረክ ወርጄ ኮሌታውን ይዤዋለሁ። ለሙዚቃዬ እንዲያ ነበርኩ።

ደርግ መጣና ሰዓት እላፊው ሆቴሉን ጭር አደረገው። የሙዚቃ ባንዳችን ተበተነ፤ ጃዝም የኢምፔሪያሊስት ነው ተባለ። እኔ እዚያው ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር፣ እናቴ ቤት ገባሁ። በር ዘግቼ፣ ሳጥኑን ከፍቼ፣ ድምፅ እንዳይወጣ ብረቶቹን በጣቴ ብቻ እነካካቸው ነበር። ይኼም ያልፋል፣ እንደገና እጫወታለሁ እያልኩ።

የቤት ለቤት አሰሳ በተካሄደ ዕለት ጠዋት የአብዮት ጥበቃዎች በራችንን በሰደፍ መቱት። የቀበሌው ሊቀመንበር ከፊት ነበር።

«እማማ፣ ቤት ውስጥ ብረት አለ?»

በዚያ ዘመን «ብረት» ማለት ጠመንጃ መሆኑን አገር ያውቃል። እናቴ ግን የምታውቀው ብረት አንድ ነው።

«አለ እንጂ! የልጄ ነው፤ አልጋዬ ሥር ሞልቷል። ማሎ፣ እባካችሁ ውሰዱልኝና ልረፍ!»

ግድግዳ አስደግፈው መሣሪያ ደገኑብኝ። ሳጥኑን ጎትተው ሲከፍቱት አንደኛው ሳቀ። ሊቀመንበሩ ረጅሙን ብረት በቀዳዳው ባለፈው ገመድ አንጠልጥሎ በሽጉጡ እጀታ ኳ አደረገው። ፋ የምትባለው ኖታ ነበረች። ድምፁ ቤቱን ሞልቶ ቀስ እያለ ጠፋ።

«ምንድነው ይኼ?»

ሙዚቃ ነው ማለት ነበረብኝ። የሰው ኮሌታ የያዝኩለት ሙዚቃ! ፈራሁ።

«ምንም አይደለም ጓድ፤ ተራ ብረት ነው።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

«ተራ ብረት ከሆነማ ለሰፊው ሕዝብ ይጠቅማል» አለና ሁለቱንም ሳጥን አስጫነ።

ፋ የቀበሌያችን የስብሰባ ደወል ሆነች። የቀሩት ለየገበሬ ማኅበሩ ታደሉ፤ አንዱን ደዶ ገበያ ዳር ዛፍ ላይ ተሰቅሎ አይቼዋለሁ። እናቴን አልተቀየምኳትም። እሷ ከመጀመሪያውም ብረት ነው ስትል የኖረች ናት። ራሴን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩም።

እሁድ እሁድ ጠዋት የቀበሌው ዘበኛ ፋን በመዶሻ ይደበድባታል። ከስብሰባ የቀረ ስሙ ይያዛልና ከእናቴ ጋር እየተጣደፍን እንወጣለን። አንድ እሁድ እናቴ መንገድ ላይ ቆም ብላ አዳመጠች።

«ድምፁስ ደስ ይላል» አለች። «ከምን ቢሠሩት ነው?»

«ከተራ ብረት» አልኳት።