የሚያስተጋባው ሳጥን

ሰሞኑን ወገቤን እያመመኝ ስገላበጥ የአልጋዬ ሽቦ ይጮኻል። ጥዝዝ ብሎ፣ ቆይቶ ነው የሚጠፋው። ልጆቼ ሌላ አልጋ እንግዛልሽ ይሉኛል፤ እኔ ተዉት እላለሁ። ያ ድምፅ ቢቸና ይወስደኛል።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ቢቸና የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ነበርኩ። ከአስመራ ተመድቦ የመጣ አንድ የሳይንስ አስተማሪ ጊታር ይጫወት ነበር። ከጊታሩና ከድምፅ ማጉያው ጋር ጠባብ የእንጨት ሳጥን ይዞ መጥቷል። ውስጡ ቀጫጭን ጥቅልል ሽቦዎች ተወጥረዋል። የጊታሩ ድምፅ በሽቦዎቹ አልፎ ማጉያው ጋ ሲደርስ፣ ባዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተመታ ይመስል እያስተጋባ ይወጣል። እኔ እዘፍንለት ነበርና ማይክሮፎኔንም በዚያው አሳለፈልኝ። ስዘፍን ድምፄ ሰፋ፤ ራሴን አላወቅኩትም። ከትምህርት በኋላ የጄኔሬተሩ ናፍጣ እየሸተተን ባዶ ክፍል ውስጥ እንለማመድ ነበር።

ወሬው ሞጣ፣ አባቴ ጋ ደረሰ። አባቴ ቅኔ ያስተማሩ መሪጌታ ነበሩ፤ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል። "የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ ሆነች አሉኝ። እስክትተወው ደጄን እንዳትረግጥ" ብለው ላኩብኝ። እናቴ ሞታለች፤ ከሳቸው ሌላ ቤት አልነበረኝም።

ግንቦት ላይ የሞጣ ትምህርት ቤት ለወላጆች በዓል ጠራን። በጭነት መኪና ሄድን። ሳጥኑን በነጠላዬ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ያዝኩት። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ውስጡ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ያጉረመርማል። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን መኪናው ክፉኛ ነጠረና ከሳጥኑ ውስጥ ጥርቅ የሚል ሰማሁ።

ሞጣ ስንገባ አቧራ ለብሰን፣ አጥንታችን ዝሎ ነበር። እንደምንም አባቴ ቤት ሄጄ ደጅ ቆምኩ። የምታስታምማቸው ጎረቤታችን ወጥታ፣ አንገቷን ደፍታ "ተኝተዋል" አለችኝ። ከውስጥ ሲያስሉ ይሰማኛል። ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው በሰው ሞልቶ፣ አንድ የሞጣ ነጋዴ ያዋሱን ጄኔሬተር ተነሣ። መዝፈን ስጀምር ሳጥኑ ድምፄን እየቆራረጠ ይተፋው ጀመር። ሰዉ ጆሮውን ያዘ። የሳይንስ አስተማሪው ጎንበስ ብሎ አየና "ሽቦው ተበጥሷል። ልንቀለው፤ ያለሱ ዝፈኚ" አለኝ።

"ያለሱ አይሆንልኝም" አልኩት።

"ታዲያ ምን እናድርግ?" አለና ነቀለው።

ዘፈንኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር፤ ደረቅ፣ አቧራ የበላው። ጨርሼ ስወርድ አጥሩ ጥግ አባቴ በጎረቤታችን ተደግፈው ቆመዋል። ለካ እኔ ከሄድኩ በኋላ "አድርሺኝ" ብለዋት ኖሯል። ጉልበታቸውን ሳምኩ።

"መጀመሪያ የጮኸው ማን ነው?" አሉኝ።

"እኔው ነኝ፣ አባባ።"

"እሱስ አንቺ አይደለሽም። ኋላ የመጣችው ናት ልጄ። እናትሽ ውኃ ስትቀዳ እንዲህ ነበር የምታንጎራጉር።"

የጮኸው ሳጥኑ መሆኑን ስነግራቸው አስመጡት። ክዳኑን ከፈትኩላቸው። ጣታቸው ደኅናው ሽቦ ላይ አረፈ፤ ነካ ሲያደርጉት ነዘረ። እስኪጠፋ ድረስ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። "ደግሞ ያምራል" አሉ። ዝፈኚም አላሉኝም፤ ተዪውም አላሉኝም።

እዚያው ቤት አደርኩ። ጠዋት ትከሻዬን ይዘው እስከ መኪናው ሸኙኝና ሾፌሩን "ቀስ ብለህ ንዳ፤ የያዘችው ዕቃ ይጎዳል" አሉት። የተበጠሰ መሆኑን አልነገርኳቸውም።

ክረምቱ ገባና መንገዱ ተዘጋ። አባቴ ነሐሴ ላይ አረፉ፤ እኔ የደረስኩት ለአርባቸው ነው። ጎረቤታችን ደጅ ተቀበለችኝ። አልቅሰን ሲወጣልን እጄን ይዛ፣ "ዝናቡ ባባራ ቁጥር 'መንገዱ ተከፈተ ወይ?' እያሉ ይጠይቁኝ ነበር" አለችኝ።